የግምጃ ቤቱ ቁልፍ፦ የፕሮግራም ምንጭን ለሥራ ባልደረባ ስለ ማካፈል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ሰበታን አልፎ ወደ ቱሉ ቦሎ የሚጓዝ መንገደኛ ተፍኪን ሳያይ አያልፍም። በ1990ዎቹ ዓመታት ኮምፒዩተር ቀስ በቀስ በገባባቸው በዋና ከተማይቱ ዙሪያ ባሉት ከተሞች የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶች ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠሩ ነበር። አንደኛው በኦሮምኛ የሚጻፈው ማመልከቻና ደብዳቤ ነው። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ ስለ ተወሰነ፣ ጽሑፉ በየትኛውም ኮምፒዩተር ቢከፈት እንደ ተጻፈ ይነበባል። ሁለተኛው የአማርኛው ነው። ይህኛው በፍሎፒ ዲስክ ተይዞ አዲስ አበባ ደርሶ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት፣ የተጻፈበት ፎንት በዚያ ከሌለ፣ በፊደል ፋንታ የላቲን ሆሄያትና የልዩ ልዩ ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። ባለጉዳዩም ያው ደብዳቤ እንደ ገና እንዲጻፍለት ሁለተኛ ገንዘብ ይከፍላል።

የዚህ ችግር ምንጭ የፊደሉ ብዛት ብቻ አልነበረም። የሥራውን ቁልፍ ማን ይያዝ፣ ለማንስ ያካፍል የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ በመቆየቱ ጭምር የመጣ ነው። ይኸው ጥያቄ ዛሬ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። አንድ የፕሮግራም ሠሪ የሥራውን ምንጭ በኢንተርኔት ላይ በተዘጋ ግምጃ ቤት አስቀምጦ ለባልደረቦቹ በር ሲከፍት የሚገጥመው ጉዳይ፣ የአማርኛ መጻፊያ ሠሪዎች ከ30 ዓመታት በፊት ከገጠማቸው ጉዳይ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር የሚያከማቸው ፊደልን ሳይሆን ቁጥርን ነው። ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥሩን የሚወስን ሠንጠረዥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ የወጣው አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ ከዚያ በኋላ በብዛት የተሠራባቸውም ከ256 አያልፉም ነበር። 33ቱ የግዕዝ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ግን 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩባቸው ሠንጠረዡ አይበቃቸውም። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያ የሚሠራ ሁሉ የየራሱን ብልኀት ፈለገ። አንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈለው። ሌላው ከጽሕፈት መኪና በተወረሰው ዘዴ የሆሄውን አካልና ቅጥሉን ለያይቶ ገጣጠመው። ሁሉም ግን የግዕዙን ሆሄ በላቲኑ ሆሄ ወንበር ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ የትኛው ሆሄ በየትኛው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ የሚያውቀውም ሠሪው ብቻ ነበር።

በዚህ መስክ ብዙዎች ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩት መካከል የዶክተር አበራ ሞላና የዶክተር ፍሥሐ አጥላው ስም በተደጋጋሚ ይነሣል። በአገር ውስጥ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ አቅርቧል፤ ኋላም ብራና፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እየተባሉ ሌሎች ተከተሉ። ማን ማንን ቀደመ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም፤ በዚህም ላይ ከሚገባው በላይ ቀለም ፈስሷል። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የአንዱ ሠንጠረዥ ለሌላው የተዘጋ መሆኑ ነው።

ሠሪዎቹን በንፍገት መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። የአንድ ፎንት ሥራ የወራት ድካም ነበር፤ በአንድ ፍሎፒ ዲስክ ለመገልበጥ ግን ደቂቃዎች ይበቁ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት የደነገገው ክፍል ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አንዳች አይናገርም። ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ ጥበቃ የተሰጠው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ነው። ሕግ ያልጠበቀውን ንብረት ባለቤቱ በመዝጋት ቢጠብቀው የሚያስደንቅ አይደለም።

ጉዳቱ የመጣው ከመዘጋቱ ይልቅ ቁልፉ በአንድ እጅ ብቻ ከመሆኑ ነው። ሠሪው ሥራ ሲለውጥ፣ አገር ሲለቅ ወይም ሲሞት፣ ወይም ዓለሙ ከዶስ ወደ ዊንዶስ ሲሸጋገር፣ ሥራውን የሚቀጥልበት ሁለተኛ ሰው ከሌለ ሠንጠረዡ ከነምስጢሩ ይቀራል። ከሠንጠረዡ ጋርም በእርሱ የተጻፈው ሁሉ፣ የፍርድ ቤት መዝገቡ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የእድሩ ደንብ፣ ዲስኩ ላይ እያለ የማይነበብ ይሆናል። ከመነኰሳትና ከካህናት ልማድ ያልራቀ አንባቢ ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። የአንድ ደብር ዕቃ ቤት የተዘጋ ነው፤ መዘጋቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ እንዳይቀር፣ የወጣውና የገባው ንዋየ ቅድሳትም በመዝገብ እንዲሰፍር የሚደረግበት የቆየ ሥርዐት አለ። የአማርኛ ፕሮግራሞች መዝጊያውን አበጁ እንጂ ይህንን ሥርዐት አላበጁም ነበር።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከውጭ አገር ነዋሪዎች ነው። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ኢትዮጵያውያን በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ መጻጻፍ ሲጀምሩ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በተራ የላቲን ሆሄያት የሚወክል ሥርዐት አዘጋጁ። የሥርዐቱ ምሕጻር በአማርኛ ሲነበብ ሴራ መሆኑ ያስፈግጋል፤ ምክንያቱም ከሴራ ጋር የሚያመሳስለው አንዳች ነገር የለም። ሙሉ ሠንጠረዡ ለማንም በግልጽ ታትሞ ወጣ። ውጤቱም ብዙ አልዘገየም። በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒክ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ታካሃሺ ናኦቶ የተባሉ ባለሙያ ይህንኑ ሥርዐት ተጠቅመው ኢማክስ በተባለው ዝነኛ የጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ ግዕዝን ለመጻፍ የሚያስችለውን ክፍል ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው 20ኛ እትም ጀምሮም ኢማክስን ያገኘ ሁሉ ከእርሱ ጋር ግዕዝን አገኘ። አንድ ጃፓናዊ ባለሙያ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ይህንን ያህል ለመሥራት የበቃው ሠንጠረዡ ከፊቱ ተዘርግቶ ስላገኘው ነው።

ቀጣዩ ደረጃ ዩኒኮድ ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ለመጠቅለል የተቋቋመው ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የመጀመሪያ እትም ግዕዝን አላካተተም። በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው የቴክኒክ ዘገባ የግዕዝ ረቂቅ ከበርማና ከክመር ፊደላት ጋር ቀረበ፤ ረቂቁ ተጣርቶ በ3ኛው እትም የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በመካከሉ ያለፉት ሰባት ዓመታት በአገር ውስጥና በውጭ ባሉ ባለሙያዎች መካከል በክርክርና በመጻጻፍ ያለፉ ናቸው። ጉዳዩም በዚያ አልተቋጨም፤ ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ሆሄያት የገቡት እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው በ14ኛው እትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሽያጭ የቀረበው ዊንዶስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ በመውጣቱ፣ በተፍኪ የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ያለ ምንም ተጨማሪ ፎንት በአዲስ አበባም በአትላንታም የሚነበብበት ዘመን ደረሰ።

ሠንጠረዡ የሁሉ ሆነ ማለት ግን ፕሮግራሙ የሁሉ ይሁን ማለት አይደለም። የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም፣ የክሊኒክ ካርድ ፕሮግራም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መረከቢያ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ምንጩን ለዓለም የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ የሚተዳደረው በእርሱ ነውና። የሚያስፈልገው ሥራውን ዘግቶ እያለ ለጥቂት የታወቁ ሰዎች በልክ የሚከፍትበት መንገድ ነው። ይህ መንገድ ከኢትዮጵያ ውጭ የራሱ ረጅም ታሪክ አለው።

የፕሮግራምን ምንጭ ከነለውጡ የሚመዘግብ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራዎች ተጀመረ። ለብዙ ዓመታት መዝገቡ በአንድ ማዕከላዊ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥ ነበር። የሊኑክስ ሠሪዎች ከ2002 ጀምሮ ቢትኪፐር የተባለውን የአንድ ኩባንያ መሣሪያ በነጻ ይጠቀሙ ነበር፤ ይሁን እንጂ አንድሩ ትሪጅል የተባለው ባለሙያ የመሣሪያውን አሠራር ለመመርመር በመሞከሩ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 የነጻ ፈቃዱን አነሣ። ሊኑስ ቶርቫልድስም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ጊት የተባለውን የራሱን መሣሪያ መሥራት ጀመረ። የሌላውን ቁልፍ ተውሶ የገባ ሰው ቁልፉ ሲነጠቅ ምን እንደሚሆን ስላየ፣ መሣሪያውን ያበጀው እያንዳንዱ ባልደረባ የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ በራሱ ኮምፒዩተር እንዲይዝ አድርጎ ነው። ይህ ጠባይ ኋላ እንደሚታየው በረከትም ጣጣም አለው።

በጊት ላይ የተመሠረተው ጊትሃብ የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ። ለብዙ ዓመታት በነጻ የሚሰጠው ግምጃ ቤት በጥቅሉ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ብቻ ነበር፤ የተዘጋውን የሚፈልግ ይከፍል ነበር። ክፍያው በዶላር ስለሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል የባንክ ካርድ ለሌለው ኢትዮጵያዊ ወጣት በሩ የተዘጋ ያህል ነበር። እርግጥ ቢትባኬትና ጊትላብ የተባሉት አገልግሎቶች የተዘጋ ግምጃ ቤት ቀደም ብለው በነጻ ይሰጡ ነበር፤ ይህን ያላወቀው ግን ሥራውን ወይ ለዓለም ያሰጣው፣ ወይ በፍላሽ ዲስክ ከጓደኛው ጋር ይቀባበለው ነበር። ማይክሮሶፍት ጊትሃብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን እ.ኤ.አ. በ2018 ካስታወቀ በኋላ፣ በጥር 2019 የተዘጋ ግምጃ ቤት እስከ ሦስት ተባባሪዎች ድረስ በነጻ ተፈቀደ፤ በሚያዝያ 2020 ደግሞ የተባባሪዎቹ ቁጥር ገደብ ተነሣ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ነው ሰውን የሚያዘናጋው። የግምጃ ቤቱ ባለቤት የባልደረባውን መጠሪያ ስም ወይም የኢሜይል አድራሻ አስገብቶ ጥሪ ይልካል፤ ተጠሪው ጥሪውን ሲቀበል ይገባል፤ በሰባት ቀን ውስጥ ካልተቀበለ ጥሪው ይሻራል። ሰባት ቀን በቂ ቢመስልም፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል እንደ ተቋረጠ ለሚያስታውስ ሰው አያስተማምንም። በዚያን ጊዜ የተላከ ጥሪ ሳይታይ በተሻረ ነበር። አስቀድሞ የገባውና ግልባጩን የያዘው ባልደረባ ግን ሥራውን ያለ ኢንተርኔት ለመቀጠልና መስመሩ ሲመለስ ለማገናኘት ይችል ነበር። ግልባጭን ለሁሉ የማደሉ ሥርዐት በረከቱ እዚህ ላይ ይታያል።

ዋናው ልዩነት ግምጃ ቤቱ በማን ስም እንደ ተከፈተ ነው። በግለሰብ ስም በተከፈተ ግምጃ ቤት ያለው ማዕረግ ሁለት ብቻ ነው፤ ባለቤትና ተባባሪ። ተባባሪው የገባ ዕለት ያነባልም ይጽፋልም፤ እንዲያነብ ብቻ ማድረግ አይቻልም። በድርጅት ስም ሲከፈት ግን ማዕረጉ አምስት ደረጃ ይኖረዋል፤ ከማንበብ ብቻ ጀምሮ ጉዳዮችን እስከ መለየት፣ እስከ መጻፍ፣ እስከ መጠበቅና እስከ ሙሉ አስተዳደር ይደርሳል። ሥራውን ለመመርመር የመጣ የሒሳብ አዋቂ ምንጩን የመለወጥ ሥልጣን የሚያገኝበት ምክንያት የለም። ለአንድ ወር የተቀጠረ ተለማማጅም ሌላውን የማስወጣት ሥልጣን ሊሰጠው አይገባም። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ከዚህም የባሰ ነው፤ ተባባሪን በስሙ ከመጥራት ይልቅ የአንዱን የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው ማደል የተለመደ ሆኗል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ሁሉንም ለውጥ የአንድ ሰው ሥራ አድርጎ ያሳያል፤ ጥፋት ሲገኝም የጠፋበትን እጅ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ጊትሃብ ከ2023 ጀምሮ በሥራው ከሚሳተፉ ተጠቃሚዎች ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቁ ይህን ልማድ ሊያስቸግረው እንጂ ሊያስቀረው አልቻለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የተሰጠው የማይመለስ መሆኑ ነው። ባለቤቱ አንድን ተባባሪ ከዝርዝሩ ሲሰርዘው፣ ተባባሪው በአገልግሎቱ ላይ የያዘው ቅጂ አብሮ ይሰረዛል፤ በገዛ ኮምፒዩተሩ ያስቀመጠው ግልባጭ ግን ከነሙሉ ታሪኩ ከእርሱ ጋር ይቀራል። ታሪኩ ውስጥ ያለውም ሁሉ እንዲሁ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በስሕተት የገባ፣ በማግስቱም የተሰረዘ የመረጃ ቋት የይለፍ ቃል አሁን ባለው ገጽ ላይ አይታይም፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ይገኛል። ስለዚህ ባልደረባ ሲሰናበት መጀመሪያ መደረግ ያለበት የይለፍ ቃሎቹን መለወጥ ነው፤ ስሙን ከዝርዝር መፋቅ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ መግባትንም ወንጀል አድርጓል። ነገር ግን ፈቃዱ ምን ያህል እንደ ነበረ በጽሑፍ ያልተወሰነ እንደ ሆነ፣ ማለፉን ለዳኛ ማስረዳት ከባድ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ማንን ማስገባት ይገባል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 መጨረሻ የታወቀው የኤክስ ዜድ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። ይህ መረጃን ጨምቆ የሚይዝ አነስተኛ ፕሮግራም በዓለም ላይ ባሉ እጅግ ብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ የሚጠብቀው በፈቃደኝነት የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ተባባሪ ከሁለት ዓመት በላይ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታን አተረፈ፤ ሌሎች ስሞችም የደከመውን ጠባቂ ሥራውን እንዲያካፍል ይወተውቱት ነበር። የመጻፍ ሥልጣን ከተሰጠው በኋላ ግን ስውር በር አስገባ። የታወቀበትም በአጋጣሚ ነው፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ወደ ኮምፒዩተሩ ለመግባት የሚወስደው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ ነገሩን ተከታተለ። የዚያ ግምጃ ቤት ምንጭ ለሁሉ ክፍት ነበር፤ ክፍት መሆኑ ብቻውን አላዳነውም። ብቻውን የቀረ ባለቁልፍ ሲደክም በመጨረሻ የሚያስገባው በርትቶ የጠየቀውን እንጂ የሚገባውን ላይሆን ይችላል።

ቤቱ ራሱ የሌላ መሆኑም አይዘነጋ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ጊትሃብ በአሜሪካ የማዕቀብ ሕግ ምክንያት በኢራን፣ በሶሪያና በክሪሚያ ያሉ ተጠቃሚዎች የተዘጉ ግምጃ ቤቶቻቸውን እንዳይጠቀሙ ከልክሎ ነበር። ለኢራን ክልከላው የተነሣው በ2021 መጀመሪያ ነው። ኢትዮጵያን ይህ ባይነካትም፣ ሁለተኛ ግልባጭን በሌላ ቦታ ማኖር ብክነት አለመሆኑን ያሳያል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፣ ከእነርሱም ወዲያ ያለችው ተፍኪ፣ ዛሬ የኮምፒዩተር ትምህርት ጨርሰው በየቤታቸው ፕሮግራም የሚሠሩ ወጣቶች አሏቸው። ከእነዚህ አንዱ ለአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል መረከቢያ ፕሮግራም ሠርቶ በራሱ ስም በከፈተው ግምጃ ቤት ቢያስቀምጠውና ወደ ሌላ አገር ቢሄድ፣ ማኅበሩ የሚቀርበት የሚሠራ ግን የማይታረም ፕሮግራም ነው። ከአጋፋሪና ከብራና ዘመን የሚለየውም በዓመቱ ብቻ ይሆናል። ውል ሲፈረም ግምጃ ቤቱ በማኅበሩ ስም እንዲከፈት፣ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያላቸውም ቢያንስ ሁለት እንዲሆኑ ማድረግ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ይህን ማስጠየቅ የሠሪው ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙን የሚገዛው ማኅበር ሊቀ መንበርም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ስለ ቁልፍ የሚጠይቅ ሊቀ መንበር ገና ጥቂት ነው።

ድሮ በተዘጉት ሠንጠረዦች የተጻፉትን ሰነዶች በተመለከተ፣ ፊደልን ከፊደል እያመሳከሩ ሠንጠረዦቹን አንድ በአንድ መልሰው ያወጡ ሰዎች አሉ። በብራና፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቻቸው ፎንቶች የተጻፈን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም ዛሬ በጊትሃብ ላይ፣ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለሕዝብ ክፍት ባደረገው ግምጃ ቤት፣ ከነሠንጠረዦቹ ይገኛል። ያረጀ ፍሎፒ ዲስክ በመሳቢያው ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት አሁን የሚቸግረው ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ማግኘት ነው።